ግቢ ውስጥ ወረርሽኝ ሲነሳ፦ ከ4 ኪሎ እስከ ጥቁር አንበሳ

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንድ ቦታ የተቀመጠ ግቢ አይደለም፣ ዋናው 6 ኪሎ ነው (የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት)፣ ኢንጂነሪንጉ 5 ኪሎ፣ ሳይንሱ 4 ኪሎ፣ ሕክምናው ጥቁር አንበሳ፤ ተማሪው ደግሞ ጓደኛም ለማየት ላይብረሪም ለመፈለግ ካንዱ ወዳንዱ ሲል ይውላል። ስለዚህ አንዱ ግቢ የገባ ነገር ሌላው ጋ ለመድረስ ብዙም አይቆይም።

ግቢ ውስጥ የሚፈሩት በሽታዎች የታወቁ ናቸው፣ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት)፣ ታይፎይድ፣ ማጅራት ገትር፣ ቲቢ፣ ጉንፋንና ኮቪድ፣ ከዛ ደግሞ ማንም ቁምነገር የማይለው እከክ። ሁሉም የሚያልፉት ያው በዶርም፣ በካፌና በውሃ በኩል ነው። ዴከር አልጋ ላይ ላይና ታች ተኝቶ፣ በብርዱ ምክንያት መስኮት ዘግቶ ያደረ ክፍል ለሳል በሽታ ምቹ ነው። ካፌ ደግሞ ሺህ ሰው ካንድ ወጥ ቤት ነው የሚበላው፣ ታይፎይድ ተሸካሚ ሰው ምንም ሳያመው ሊያስይዝ ስለሚችል ምግብ የሚሠሩት ሰዎች በየጊዜው መመርመር አለባቸው የሚባለው ለዚህ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ቧንቧው ሲደርቅ መጀመሪያ የሚቀረው እጅ መታጠብ ነው። በ2008 አተት አዲስ አበባ ሲገባ «እጅህን ታጠብ» የሚለው ማስታወቂያ በየቦታው ነበር፣ ጀሪካኑ ባዶ ከሆነ ግን ማስታወቂያ ምን ይሠራል?

እከክን እንይ እስቲ፣ ምክንያቱም ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ልጅ አሳክኮት ክሊኒክ ሄዶ ቅባት ይቀበላል፣ ይቀባል፣ ይሻለዋል፣ ከዛ እንደገና ይጀምረዋል። ለምን? መጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ሳያውቁት ይዘውታል። መፍትሄው ያላሳከከውም ጭምር ክፍሉ ሙሉ ባንድ ማታ ከአንገት በታች ተቀብቶ ማደር፣ በነጋታው አንሶላና ልብስ በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ብርድ ልብስ የመሰለ የማይታጠበውን ፌስታል ውስጥ ጥፍር አርጎ አስሮ ለቀናት መተው። ፕሮክተሩ (የዶርም ተቆጣጣሪው) ካላስተባበረ ይሄ አይሆንም፣ ሐኪም ብቻውን አይችለውም።

ማጅራት ገትር ግን ሌላ ነው፣ እዚህ ሰዓት ነው የሚቆጠረው። ከ30,000 በታች ሕዝብ ባለበት ቦታ በሳምንት 2 ተጠርጣሪ ከተገኘ ማስጠንቀቂያ ነው፣ 5 ከሆነ ወረርሽኝ ይባላል። አንድ ግቢ እዚህ ውስጥ ይገባል፣ ማለትም ሁለት ልጅ ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ይዟቸው ከመጡ የክሊኒኳ ነርስ ስልክ ማንሳት አለባት። ወዲያው ሪፖርት የሚደረጉ በሽታዎች በ30 ደቂቃ ውስጥ ለወረዳ ይነገራሉ፣ ከዛ ወደላይ ይሄዳል። በርቀት ረገድ ግቢዎቹ እድለኞች ናቸው፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ፓስተር ሰፈር ነው፣ የካቲት 12 ሆስፒታል ደግሞ እዛው 6 ኪሎ።

በኔ እይታ ትልቁ ችግር ላብራቶሪ አይደለም፣ ተማሪው መደበቁ ነው። ፋይናል ደርሶ «አሞኛል» ማለት ፈተና ሳይፈተኑ መቅረት፣ ምናልባትም ዓመት መድገም ማለት ከሆነ ማን ይናገራል? ለታመመ ተማሪ ሜካፕ (ምትክ) ፈተና እንደሚሰጠው በጽሑፍ ያረጋገጠ ግቢ በር ላይ ሙቀት ከሚለካው ይልቅ ቶሎ በሽታ ያገኛል። ተለይቶ የሚቀመጥ ልጅም ምግቡ ከካፌ ካልመጣለት ሚል ካርዱን ይዞ ሰልፍ ላይ ታገኘዋለህ።

ግቢ መዝጋትስ? የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ተገኘ፣ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን መጀመሪያ ግቢ እንዲቆዩ ተብሎ በኋላ ነው ወደየቤታቸው የተሸኙት። ማመንታቱ አይገርምም፣ ተማሪው ከየክልሉ የመጣ ስለሆነ በሽታ ከገባ በኋላ መበተን ማለት አውቶብስ ላይ አሳፍሮ በየገጠሩ ማድረስ ነው። ያኔ ቫይረሱ ገና ስላልተሰራጨ መሸኘቱ ያስኬድ ነበር። አተት ቢሆን ግን ልክ አይመጣም፣ እዛው ይዞ ክሎሪንና ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን፣ የወጣ ፈሳሽ የሚተካውን ዱቄት) ማቅረብ ነው የሚሻለው። በ2013 ሲመለሱም ሁሉም ባንዴ አልተጠሩም፣ ተመራቂዎቹ ቀደሙ፣ ማስክ አድርገው፣ ክፍል ውስጥም ተራርቀው።