ረምብል ምንድን ነው? የሸክላ ማጫወቻ ጉርምርምታ ከየት እንደሚመጣና መፍትሔው

መርፌው ሸክላው ላይ አርፎ ዘፈኑ ገና ሳይጀምር የዎፈሩ (የባሱ ስፒከር) ኮን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲዋልል ካዩ፣ ያ ረምብል ነው። በጥብቅ አነጋገር ረምብል ከሞተሩና ከኩሽኔታው የሚነሳ ንዝረት ነው፤ በተለምዶ ግን የተጣመመ ሸክላ የሚፈጥረውም በዚሁ ስም ይጠራል። ከፊሉ ጉርምርምታ ሆኖ ይሰማል። ከ20 ኸርዝ (በሰከንድ 20 ንዝረት) በታች ያለውን ጆሮ አይለየውም፤ አምፕሊፋየሩ ግን ጉልበቱን ያባክንበታል። ቀዳዳ ያለው ስፒከር ሳጥን ደግሞ ከተቃኘበት ድምፅ በታች ኮኑን የሚይዝለት አየር ስለማይኖረው ኮኑ ያለ ልክ ይወዛወዛል፣ ሙዚቃውም ይበላሻል።

ችግሩን የሚያባብሰው ፎኖ ፕሪአምፑ፣ ማለትም ከመርፌው የሚመጣውን ደካማ ሲግናል የሚያጎላው መሣሪያ ነው። ሸክላ ሲቀረጽ ቦዩ እንዳይሰፋ ባሱ ይቀነሳል፤ ሲጫወት አር አይ ኤ ኤ በሚባለው መደበኛ የሸክላ ቀመር ተመልሶ ይጎላል። በ20 ኸርዝ ላይ ጭማሪው ከ1000 ኸርዝ አንጻር 19 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን ማነጻጸሪያ) ገደማ፣ በቮልቴጅ ከ9 እጥፍ በላይ ነው። ንዝረቱም አብሮ ይጎላል።

ፊልተር (ከሚሰማው በታች ያለውን ንዝረት የሚቆርጥ መሣሪያ) ከመግዛት በፊት ምንጩን መለየት ይሻላል። በ33⅓ ዙር ሸክላው አንዴ ለመዞር 1.8 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ኮኑ ከዙሩ ጋር እኩል ከተወዛወዘ ጥፋቱ የሸክላው መጣመም ነው። ሸክላ ቢቀየርም የማይለወጥ ጉርምርምታ ከሆነ ቺንጋውን አውልቀው፣ መርፌውን በቆመ ሸክላ ላይ አሳርፈው ሞተሩን ብቻ ያስነሱ። አሁንም ከተሰማ የሞተሩ ማቀፊያ ጎሚኒ ደርቋል ወይም ብሎኑ ከልክ በላይ ጠብቋል። ከጠፋ ኩሽኔታውን ይጠርጥሩ፦ አሮጌውን ዘይት በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው፣ አምራቹ የሚፈቅደውን ቀጭን የማሽን ዘይት 2 ወይም 3 ጠብታ ያድርጉ። የምግብ ዘይት ውሎ አድሮ ስለሚያጣብቅ በፍጹም አይሆንም። ሞተሩ ጠፍቶ መደርደሪያውን በጣት ሲመቱ ስፒከሩ ውስጥ ከተሰማ ደግሞ ማጫወቻው የተቀመጠበት ቦታ መቀየር አለበት።

ብዙ ሰው የሚዘለው የክንዱና የካርትሪጁ (መርፌውን የያዘው ክፍል) ጥምረት ነው። ሁለቱ አብረው የሚርገበገቡበት ድግግሞሽ ከ8 እስከ 12 ኸርዝ መሆን አለበት፤ ከዚያ ከወረደ የሸክላው መጣመም ያነቃዋል፣ ከወጣ ባሱን ይነካል። ስሌቱ 159 ሲካፈል ለክብደትና ለልስላሴ (ኮምፕላያንስ፦ የመርፌው ዘንግ በቀላሉ የመታጠፍ መጠን) ብዜት ስኩዌር ሩት ነው። የክንዱ ውጤታዊ ክብደት (ሲንቀሳቀስ መርፌው ላይ የሚሰማው) 12 ግራም፣ ካርትሪጁ ከነብሎኑ 7 ግራም፣ ልስላሴው 12 ቢሆን 10.5 ኸርዝ ይመጣል፤ መልካም ነው። በዚያው ክንድ ላይ ልስላሴው 30 የሆነ ካርትሪጅ ቢገጠም 6.7 ኸርዝ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ሲሆን ካርትሪጁን መቀየር እንጂ የመርፌውን ጫና መጨመር አያድንም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ለሚቀረው ነው ሰብሶኒክ ፊልተር የሚያስፈልገው። ከፎኖ ፕሪአምፑ ቀጥሎ ይገባል። ቁልቁለቱ ወሳኝ ነው፦ ከ20 ኸርዝ ጀምሮ በኦክታቭ (ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር) 18 ዴሲቤል የሚቆርጥ፣ 10 ኸርዝን በ18 ዴሲቤል ያወርዳል፤ በኦክታቭ 6 ዴሲቤል ብቻ የሚቆርጠው ግን በ7 ብቻ ነው የሚያወርደው። ቁልቁለቱ ስላነሰ መቁረጫውን ወደ 40 ወይም 50 ኸርዝ ማውጣት ቤዝ ጊታሩንና ከበሮውን መቁረጥ ነው። የባስ ቁልፉን ዝቅ ማድረግም እንደዚያው ሙዚቃውን ይጎዳል።

ከፊልተር በላይ የምናደንቀው ሌላ መንገድ አለ። መጣመምና የኩሽኔታ ንዝረት በአመዛኙ መርፌውን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱታል፤ በስቴሪዮ ካርትሪጅ ይህ በግራና በቀኝ ቻናል ተቃራኒ ሆኖ ይወጣል። ከ140 ኸርዝ በታች ያለውን ሁለቱን ቻናል ማዋሐድ ስለዚህ ረምብሉን እርስ በርሱ ያጣፋዋል፤ ባስ በአብዛኛው መሐል ላይ ስለሚቀረጽ የሚጠፋው ሙዚቃ ትንሽ ነው። የሚያጫውቱት የድሮ ሞኖ ባለ45 ዙር የአማርኛ ሸክላ ከሆነ ጭራሽ ይቀላል፦ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን የሞኖ ቁልፍ ይጫኑ።