«ጠጣር ውሃ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ስሙ ያደናግራል፤ በረዶ ማለት አይደለም። ጠጣር ውሃ ካልሲየምና ማግኒዥየም በብዛት የሟሙበት ውሃ ነው። ድሬዳዋን ውሰዱ፦ የቧንቧው ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነው፤ አካባቢው ደግሞ የኖራ ድንጋይ የሞላበት ነው። ውሃው በድንጋዩ መካከል ሲያልፍ ማዕድኑን እያሟሟ ይዞ ይመጣል።

ልኩ በሊትር ስንት ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት እንዳለ ይገለጻል፤ በተለመደው አመዳደብ ከ180 በላይ ከሆነ «በጣም ጠጣር» ይባላል።

ሳሙና አረፋ አልሰጥ ያለው ተበላሽቶ አይደለም፤ ከማዕድኑ ጋር ተዋህዶ ዝቃጭ ስለሚሆን ነው። ነጭ ልብስም በጊዜ ብዛት የሚደበዝዘው በዚሁ ነው። በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ደግሞ ውሃው ሲፈላ የሚዘቅጥ ኖራ ነው። ቦይለር ውስጥ ሲጋገር ሙቀቱን ይከለክላል፤ መብራት በከንቱ ይበላል። ማንቆርቆሪያውን በቢላ ከመፋቅ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ጨምቆ ማሳደር ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ክሎሪን ጀርም ይገድላል እንጂ ጠጣርነትን አይቀንስም። ማፍላት ግን በከፊል ይቀንሳል፤ በሰልፌት መልክ ያለው ካልሲየም ግን ቢፈላም አይለቅም። ለጤናስ? የዓለም ጤና ድርጅት ለጠጣርነት በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ገደብ የለም።