የፍቺ ውሳኔ ብቻውን 401ኬን አያካፍልም

401ኬ አሜሪካ ውስጥ በአሠሪ በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ ነው። ዳኛው «የባልየው 401ኬ እኩል ይካፈል» ብሎ ስለወሰነ ብቻ ገንዘቡ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሒሳቡን የሚያስተዳድረው ክፍል ሌላ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይፈልጋል። ጠበቆች «ኳድሮ» ይሉታል። የሁለቱን ስምና አድራሻ፣ የሚከፈለውንም መጠን ወይም ፐርሰንት ይገልጻል። ዳኛው ከፈረመ በኋላም አስተዳዳሪው ተቀብሎ ማጽደቅ አለበት።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ፍቺው አለቀ ተብሎ ኳድሮው ለዓመታት ይረሳል። በመሀል ባልየው ገንዘቡን ቢያወጣ፣ ሌላ ቢያገባ ወይም ቢሞት ጣጣው ብዙ ነው። እኔ ብሆን ፍቺው ሳይዘጋ ረቂቁን አስጨርሳለሁ።

ሚስት በኳድሮ የደረሳትን በቀጥታ ከ401ኬው ብታወጣ፣ 59 ዓመት ተኩል ባይሞላትም ያለዕድሜው በሚወጣ ገንዘብ ላይ የሚጣለው የ10 በመቶ ቅጣት አይነካትም። በመደበኛው 401ኬ የገቢ ግብሩ ግን አለ። ወደ ራሷ አይአርኤ (በግል የሚከፈት የጡረታ ሒሳብ) ካዛወረችው ለጊዜው ታክስ የለም፤ ዕድሜዋ ሳይደርስ ከአይአርኤው ብታወጣ ግን ያ የቅጣት ምሕረት አብሯት አይሄድም። ስለዚህ ጥሬ ገንዘብ የሚያስፈልጋት ከሆነ ከማዛወሯ በፊት ታስብበት።

አይአርኤ ራሱ ሲካፈል ኳድሮ አያስፈልገውም። ሶሻል ሴኩሪቲን (የመንግሥትን ጡረታ) ደግሞ የፍቺ ዳኛ አይከፋፍለውም።