ስንኝ መቀባበል ምንድን ነው? ቤት መምታት ብቻ አይደለም!

«አንድ ስንኝ ልስጣችሁ፣ ቤት ምቱልኝ» ሲባል (አንዱ የግጥም መስመር ይሰጣል፣ ሌላው መጨረሻው የሚገጥም መስመር ይመልሳል) በሰማሁ ቁጥር የሚከተለውን አውቀዋለሁ። ሰጪው በ«መጣ» ይጨርሳል። አንዱ «ወጣ» ይላል፣ ሌላው «ቀጣ»። ከዚያ ጭብጨባ። በቀደም ደግሞ አንዱ «መጨረሻው ፊደል ከገጠመ ግጥም ነው፤ ሌላው የምሁራን ጣጣ ነው» አለና ዝም ማለት አቃተኝ።

ወንድሜ፣ በአማርኛ ቤት መምታት ከሁሉ ቀላሉ ሥራ ነው። መጥቷል፣ በልቷል፣ ሄዷል፣ ተኝቷል እያልክ እስከ ማታ መቀጠል ትችላለህ። ሰዋስው በነጻ የሰጠህን ቤት እንደ ችሎታ አትቁጠረው። ፈረንሳዮች በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሚጫወቱት ጨዋታ ነበር፦ ቤት የሚመቱት ቃላት አስቀድመው ይሰጣሉ፣ ገጣሚው መስመሩን ይሞላል። ቤቱ ተዘጋጅቶ ቀርቦም ጨዋታው ይከብዳል። ታዲያ ክብደቱ የት ነው?

ሁለተኛው ስንኝ የመጀመሪያውን ምን ያደርገዋል? እዚያ ላይ ነው። እንዲህ ብዬ ልስጥህ፦

ክረምቱ ገባና ጣራው አፈሰሰ

አንተ «ልጁም ሮጦ መጣ ዳቦውን ቆረሰ» ብትለኝ ቤት መትተሃል። ልኩም 6 በ6 ነው፤ ከመሃል እረፍቱ በፊት 6 ቀለም (ክፍለ ቃል)፣ በኋላም 6፤ «የወል ቤት» የሚባለው የግጥም ልክ። ግን ዳቦውንና ጣራውን ምን አገናኛቸው? አሁን ይህንን ተመልከት፦

የደበቅሁት እንባ ምክንያት ለበሰ

የእኔ ስንኝ ስለ ዝናብ ነበር። አሁን ስለሚያለቅስ ሰው ሆነ።

ሁለት ሰው ሶፋ ተሸክሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሲወጣ አይታችኋል? የላይኛው ወደ ኋላ እየተራመደ መንገድ ይመራል፤ ክብደቱ የሚያርፈው ግን በታችኛው ላይ ነው። የደረጃው መታጠፊያ በስንኙ መሃል ያለችው እረፍት ናት። ሁለቱም እዚያ ላይ ካልቆሙ እጅ ይላጣል። የሚመራውም ኃላፊነት አለበት። ስንኙን ቤት መምቻ በሚቸግርበት ቃል፣ ለምሳሌ «ጂፕ» ላይ ጨርሶ «በል ቀጥል» የሚል ሰው ጓደኛውን በግድግዳና በሶፋ መሃል አጣብቆት ነው የሄደው።

በነገራችን ላይ፣ ልክ ሲባል ፊደል መቁጠር አይደለም። የሚቆጠረው ጆሮ የሚሰማው ቀለም ነው። «ክረምቱ» ሲጻፍ 4 ፊደል፣ ሲነገር 3 ቀለም። «ንጉሥ»ም ከ«መንፈስ» ጋር ቤት ይመታል፤ ሠ እና ሰ ለጆሮ አንድ ናቸው። ጉባኤ ቃና 2 ቤት (መስመር) ስለሆነ ለሁለት ሰው ይመቻል የሚሉም አሉ። እሱ የግእዝ ቅኔ ነው፤ የቅኔ ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ነው የሚቆጥረው፣ ማለትም የሚፈጥረው።

የአዝማሪ ቤቱን «ተቀበል» ከዚህ ጋር የሚቀላቅሉም አይጠፉም። እዚያ ሰጪው ግጥሙን ሙሉውን ይነግራል፣ አዝማሪው በማሲንቆ ያዜመዋል። ሶፋውን የተሸከመው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላው የሚያምር ልብስ ያለብሰዋል። አዝማሪው ከራሱ ጨምሮ ሰጪውን መልሶ ሲወጋው ግን ያ የምር ቅብብል ነው፤ እዚያ ላይ አልከራከርም።