ስለ ሁጉኖቶች ስደት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሁጉኖቶች የሚባሉት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ታሪክ ብዙ ጊዜ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተነግሮ ያልቃል፤ በ1572 ተጨፈጨፉ፣ በ1685 ደግሞ ንጉሡ ከሀገር አባረራቸው ይባላል። ሁለተኛው ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ የመጀመሪያውም ቢሆን ብዙ ነገር ይጎድለዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሁጉኖቶች የሉተር ተከታዮች ነበሩ።»

የሉተር ጽሑፎች ገና በ1520ዎቹ ፈረንሳይ መግባታቸው እውነት ነው። ነገር ግን የሀገሪቱ ፕሮቴስታንቶች በትምህርትም በአደረጃጀትም የተከተሉት፣ በ1509 ኖያዮን በተባለች የሰሜን ፈረንሳይ ከተማ ተወልዶ በኋላ ከሀገሩ በመሰደድ ጄኔቭን መቀመጫው ያደረገውን ዣን ካልቪንን ነው። በ1559 የመጀመሪያውን ሀገር አቀፍ ሲኖዶስ ፓሪስ ውስጥ በምስጢር ሲያካሂዱ የያዙት ሥርዓትም የእሱ ነበር። «ሁጉኖት» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ጠላቶቻቸው ሲሆኑ፣ ቃሉ ከየት እንደመጣ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም። በእኛ ሀገር «ጴንጤ» የሚለው ቃል ለማሽሟጠጫ ወጥቶ ኋላ የብዙዎች መጠሪያ ሆኖ እንደቀረው፣ ያም የስድብ ስም ውሎ አድሮ የክብር ስም ሆነ።

«ሁጉኖቶች ሰይፍ ያላነሡ ሰማዕታት ብቻ ነበሩ።»

ከ1562 እስከ 1598 በተካሄዱት ስምንት የእርስ በርስ ጦርነቶች ሁለቱም ወገኖች ሠራዊት ነበራቸው። መነሻው ከካቶሊኮቹ ወገን መሪዎች አንዱ የነበረው የጊዝ መስፍን ወታደሮች መጋቢት 1 ቀን 1562 ቫሲ በተባለች ከተማ፣ በአንድ ጎተራ ውስጥ አምልኮ ላይ የነበሩ ፕሮቴስታንቶችን መፍጀታቸው ነው። ይሁን እንጂ ከአምስት ዓመት በኋላ ኒም ከተማ ላይ በቅዱስ ሚካኤል በዓል ዕለት ካቶሊክ ካህናትንና ምእመናንን ገድለው አስከሬናቸውን በጳጳሱ ግቢ ጉድጓድ የጣሉት ሁጉኖቶች ነበሩ። ይህን መናገር በኋላ የደረሰባቸውን ግፍ አያቀልለውም፤ ሳይነገር ሲቀር ግን ካቶሊኩ ሕዝብ ለምን ይፈራቸው እንደነበር አይገባንም።

«የቅዱስ በርተሎሜዎስ ዕለት ጭፍጨፋ ከሮም የታዘዘ ነው።»

ነሐሴ 18 ቀን 1572 ሁጉኖቱ የናቫር ንጉሥ አንሪ የፈረንሳዩን ንጉሥ የሻርል 9ኛን እህት ማርግሪትን አገባ፤ ለሠርጉም የሁጉኖት መኳንንት ፓሪስ ላይ ተሰበሰቡ። በአራተኛው ቀን መሪያቸው አድሚራል ኮሊኚ በጥይት ቆሰለ እንጂ አልሞተም። መኳንንቱ ፍትሕ እንጠይቃለን ብለው ሲያጉረመርሙ ቤተ መንግሥቱ በቀልን ፈራ፤ ነሐሴ 23 ለ24 አጥቢያ ላይም የንጉሡ ምክር ቤት መሪዎቹ እንዲገደሉ ወሰነ። በውሳኔው ላይ የንጉሡ እናት ካትሪን ደ ሜዲቺ ድርሻ ምን ያህል እንደነበር ዛሬም ያከራክራል። ከዚያ በኋላ ግን የከተማው ሕዝብ ከትእዛዙ አልፎ ጎረቤቱን መግደል ጀመረ፤ ግድያው ወደ ኦርሌያን፣ ሊዮንና ሩአን ተዛምቶ እስከ ጥቅምት ዘለቀ። የሟቾቹ ግምት ከ5,000 እስከ 30,000 ይደርሳል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ግሪጎሪ 13ኛ ወሬውን ሲሰሙ የምስጋና ጸሎት አስደርሰው መታሰቢያ ሜዳልያ ማስቀረጻቸው እውነት ቢሆንም፣ ትእዛዙ የወጣው ፓሪስ ከሚገኘው የንጉሡ መኖሪያ፣ ከሉቭር ቤተ መንግሥት ነው። (በነገራችን ላይ እኛ «የፈረንጆች» የምንለው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሰየመው በእኚሁ ጳጳስ ስም ነው።)

«የናንት አዋጅ የሃይማኖት እኩልነትን አጎናጸፋቸው።»

አንሪ በ1593 ወደ ካቶሊክነት ተመልሶ፣ አንሪ 4ኛ ተብሎ በነገሠበት ዘመን በ1598 ያወጣው ይህ አዋጅ እኩልነትን ሳይሆን በልክ የተሰፈረ ፈቃድን የሰጠ ነው። አምልኮ በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ሲፈቀድ፣ ፓሪስ ውስጥ ጭራሽ ተከለከለ፤ ሁጉኖቶችም ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አሥራት መክፈላቸው አልቀረም። አዋጁ ራሱ እምነታቸውን የሚጠራው «ተሐድሶ ነኝ ባይ ሃይማኖት» ብሎ ነበር። በምትኩ መመኪያ የሆኗቸው በእጃቸው የቀሩት የተመሸጉ ከተሞች ናቸው፤ እነዚያንም የሉዊ 13ኛ ዋና ሚኒስትር የነበረው ካርዲናል ሪሽልዩ ዋነኛ ምሽጋቸውን ላሮሼልን ከ1627 እስከ 1628 ከብቦ በረኀብ ካንበረከከ በኋላ፣ በ1629 አጧቸው።

«ሉዊ 14ኛ ሁጉኖቶችን ከሀገር አባረራቸው።»

ሥር የሰደደው ስሕተት ይህ ነው፤ እውነታውም ተቃራኒው ነው። በጥቅምት 1685 የወጣው፣ የናንትን አዋጅ የሻረው የፎንቴንብሎ አዋጅ እንዲወጡ ያዘዘው መጋቢዎችን ብቻ ሲሆን፣ ለእነሱም የ15 ቀን ጊዜ ሰጣቸው። ተራው ምእመን ግን መውጣት ተከለከለ፤ ድንበር ሲሻገር የተያዘ ወንድ በንጉሡ የጦር መርከቦች ላይ በሰንሰለት ታስሮ እንዲቀዝፍ፣ ሴት ደግሞ እንድትታሰርና ንብረቷ እንዲወረስ ተደነገገ። ንጉሡ የፈለገው ካቶሊክ የሆኑ ሁጉኖቶችን እንጂ ባዶ የቀሩ መንደሮችን አልነበረም። ስለዚህም ስደቱ የመንግሥት ውሳኔ ሳይሆን የመንግሥትን ሕግ መጣስ ነበር፤ ሰዎቹ በሌሊት በስዊዘርላንድ ድንበር ያሉትን የዩራን ተራሮች እያቋረጡ፣ በወደብም በወይን በርሜል ውስጥ ተሸሽገው ጠፉ።

ከአዋጁ በፊት የመጣው «ድራጎናድ» ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የእኛ ባላገር በቤቱ እየሰፈረ የሚበላውን ወታደር «ተሰሪ» እያለ ያማርረው እንደነበረው ዓይነት ነበር። ከ1681 ጀምሮ በፑዋቱ አውራጃ ድራጎን የተባሉት ፈረሰኞች በሁጉኖት ቤት እየሰፈሩ እህሉን ይበሉ፣ ዕቃውን ይሰብሩ፣ ቤተሰቡን እንቅልፍ ይነሡ ጀመር፤ አባወራው ሃይማኖቴን ለውጫለሁ ብሎ የፈረመ ዕለት ወደ ጎረቤቱ ይዛወራሉ። በዚህ መንገድ መንደር ሙሉ «ካቶሊክ» ሆነ። ከዚያም ንጉሡ በ1685ቱ አዋጅ መግቢያ ላይ፣ ከሁጉኖቶች የሚበዙት ስለተመለሱ የናንት አዋጅ ከእንግዲህ አያስፈልግም ብሎ ጻፈ።

«ሁሉም ተሰደዱ፤ ፈረንሳይ ውስጥ የቀረ አልነበረም።»

ወደ 800,000 ከሚገመቱት ሁጉኖቶች ውስጥ የወጡት 200,000 ገደማ ናቸው። የቀሩት በመዝገብ «አዲስ ተመላሾች» ተብለው፣ በስውር ግን በገደልና በዋሻ እየተሰበሰቡ ጸለዩ፤ ያንንም ዘመን የእስራኤልን የምድረ በዳ ጉዞ በማሰብ «ምድረ በዳ» ብለውታል። ከ1702 ጀምሮ የሴቬን ተራራ ገበሬዎች ካሚዛር ተብለው ሸፈቱ፤ ከመሪዎቻቸው አንዱ ዣን ካቫልዬ የዳቦ ጋጋሪ ረዳት የነበረ ወጣት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ማሪ ዱራን ልትታወስ ይገባታል። መጋቢ ወንድሟ ፒየር በ1732 ሞንፐሊዬ ላይ ሲሰቀል፣ እሷ ኤግ ሞርት በሚገኘው የኮንስታንስ ግንብ ከታሰረች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። የገባችው በ1730 በ19 ዓመቷ፣ የወጣችው በ1768 ሲሆን፣ በእነዚያ 38 ዓመታት ሁሉ እምነቴን ክጃለሁ የሚል አንድ ቃል ብትናገር በሩ ይከፈትላት ነበር። በግንቡ ወለል መካከል ባለው ክብ ቀዳዳ የድንጋይ ከንፈር ላይ «እምቢ ማለት» የሚል ትርጉም ያለው የፈረንሳይኛ ቃል ተቀርጾ ዛሬም ይታያል፤ የቃሉ ፊደላት የተዛቡ ናቸው፤ ቀራጯም እሷ እንደሆነች ይነገራል።

«የእነሱ መውጣት የፈረንሳይን ኢኮኖሚ አንኮታኮተው።»

የጦር መሐንዲሱ ቮባን በ1689 ለቤተ መንግሥቱ ባቀረበው ማስታወሻ የሄደውን ገንዘብ፣ መርከበኛና ወታደር ቆጥሮ ንጉሡ ስደተኞቹን እንዲመልስ መምከሩ የታወቀ ነው። ጉዳቱ እውነተኛ ነበር። ሆኖም የዘመኑን ድህነት በይበልጥ የሚያስረዱት የሉዊ ተከታታይ ጦርነቶች፣ የ1693–94 ረኀብ እና የ1709 ብርድ ናቸው። ስማቸውን ለውጠው የቀሩት ነጋዴዎችም ከተሰደዱት ዘመዶቻቸው ጋር መነገዳቸውን ቀጥለዋል።

«የተቀበሏቸው ሀገሮች በደስታ አቀፏቸው።»

በጀርመን የብራንደንቡርግ ገዥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም በዚያው በ1685 ፖትስዳም ላይ ባወጣው አዋጅ መሬትና የግብር እፎይታ ሲሰጣቸው፣ ከርኅራኄው ጋር በሠላሳው ዓመት ጦርነት የተራቆተ ሀገሩን የመሙላት ጉዳይ ነበረበት። ሉተራን የሆኑት ነዋሪዎች ግን አጉረመረሙ። በደቡብ አፍሪካ በኬፕ የሰፈሩትን 200 ያህል ሰዎች ቅኝ ግዛቱን ያስተዳድር የነበረው የሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሆን ብሎ በሆላንዳውያን መካከል በተናቸው፤ ፈረንሳይኛቸው በጥቂት ትውልድ ጠፍቶ ዱ ቷ፣ ዡቤር፣ ደ ቪልዬ የሚሉት የቤተሰብ ስሞች ብቻ ቀሩ።

«ነፃ ያወጣቸው የ1789ኙ አብዮት ነው።»

የመጀመሪያው እርምጃ የተወሰደው ሉዊ 16ኛ በ1787 ባወጣው አዋጅ ሲሆን፣ ጋብቻቸውንና ልደታቸውን በሕግ ማስመዝገብ ፈቀደላቸው፤ የአደባባይ አምልኮን ግን አልፈቀደም። አብዮቱ የጨመረው የአምልኮ ነፃነትን ነው፤ በታኅሣሥ 1790ም በሃይማኖት ምክንያት የተሰደዱ ሰዎች ተወላጆች ወደ ፈረንሳይ ተመልሰው ከኖሩ ዜግነት እንዲያገኙ ደነገገ። በርሊን ወይም ለንደን ውስጥ የተወለደ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ቅድመ አያቱ እንደ ወንጀለኛ ሾልኮ ያለፈበትን ድንበር በሕግ ተመልሶ መግባት ይችል ነበር። ሕጉ የተሻረው በ1945 ነው።