ያለ ፒን የሚከፍል ካርድ፦ የ50 ዩሮው ገደብ ምን ማለት ነው?

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ካርድን ማሽኑ ላይ ጠጋ አድርጎ ያለ ፒን መክፈል የሚቻለው በአንድ ጊዜ እስከ 50 ዩሮ ነው። ብዙ ሰው ታዲያ «ካርዱ ቢጠፋብኝ ከ50 በላይ አይወሰድብኝም» ይላል። እንደዚያ አይደለም። ባንኩ ፒን የሚጠይቀው የክፍያዎቹ ድምር 150 ዩሮ ሲያልፍ ወይም በተከታታይ 5 ጊዜ ከተከፈለ በኋላ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ባንኩ የመረጠው የ5 ጊዜውን ገደብ ከሆነ ሌባው ሱቅ እየቀያየረ እስከ 250 ዩሮ ሊያደርስ ይችላል።

ባቡር ውስጥ ሌባ ስልኩን ወደ ኪስዎ አስጠግቶ የካርዱን መረጃ ቢሰርቅስ? የካርዱን ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን ማንበብ ይቻላል፤ ከጀርባ የታተሙት 3 አሃዞች ግን አይነበቡም። ቺፑም ለእያንዳንዱ ክፍያ አዲስ ኮድ ስለሚያወጣ ካርዱን ማባዛት አይቻልም። እኔን የሚያሳስበኝ የጠፋው ካርድ ነው። ለባንኩ ካሳወቁ በኋላ የሚወጣውን ገንዘብ፣ እርስዎ ካላጭበረበሩ በቀር፣ አይከፍሉም፤ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይደውሉ።