የሹራብ ዲዛይን ሲበላሽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ላይ ሐምሌ ሲገባ ብርዱ ራሱ ሹራብ ያስጀምራል፤ ደባርቅ ዘመድ ያለው ደግሞ በበጋም መርፌውን አያስቀምጥም። ለጥ ያለ ሹራብ ላይ የገባን ስህተት ብዙዎች ያርሙታል። ጉብ ጉብ ያለ ወይም ጉንጉን ያለበት ዲዛይን ላይ ሲሆን ግን ቡና ላይ ከሚሰጠው ምክር ብዙው ልክ አይደለም።

«ከተሳሳትሽ እስከዚያ ድረስ ሁሉንም ተርትሪው»

ጅምር ሹራብ ሣጥን ውስጥ የሚያስቀረው ይህ ምክር ነው። እያንዳንዱ ቀለበት የተያያዘው ከሥሩ ካለው ቀለበት ጋር ስለሆነ፣ አሥር ረድፍ ዝቅ ብላ የምትገኝን አንዲት ስህተት ለማረም ከሷ በላይ ያለውን ቋሚ መስመር ብቻ መፍታት ይበቃል። በትክክል ከላይዋ ያለውን ቀለበት ከመርፌው አውርዳችሁ እስከ ስህተቱ ልቀቁት። በየረድፉ አግዳሚ ክር እንደ መሰላል ይቀራል፤ በኪሮሽ እያነሳችሁ ትመለሳላችሁ።

ለስላሳ እንዲሆን የሚፈለገው ቀለበት ላይ አግዳሚው ክር ከኋላ ይሁን፤ ኪሮሹ ከፊት ገብቶ ክሩን ወደ ፊት ይስበዋል። ጉብታ ለማውጣት ክሩ ከፊት ይሆናል፣ ኪሮሹ ከኋላ ገብቶ ወደ ኋላ ይስባል። ለስላሳና ጉብታ በየቀለበቱም በየረድፉም የሚፈራረቁበት ዲዛይን ላይ ግራ ከተጋባችሁ ጎረቤቱን መስመር እዩ፤ እሱ ለስላሳ በሆነበት ረድፍ የእናንተው ጉብታ ነው።

«ለስላሳውና ጉብታው የተለያየ አሠራር ነው»

አንድ ነው። ከፊት ለስላሳ የሆነው ከጀርባ ጉብታ ነው። ጉብታ ማውጣት የከበደው ሥራውን ገልብጦ እንደ ለስላሳ ይሥራው።

«ጉንጉን በተቃራኒ ከዞረ አለቀለት»

የጉንጉኑን ቀለበቶች ብቻ እስከ መሻገሪያው ረድፍ መልቀቅ ይቻላል። ስድስት ከሆኑ ሦስቱን በትርፍ መርፌ ይዞ በትክክለኛው አቅጣጫ ማሻገር፣ ከዚያ ከታችኛው አግዳሚ ክር ጀምሮ በቅደም ተከተል መልሶ መሥራት ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ክሩ ይተሳሰራል። መሻገሪያው በጣም ከራቀ ግን እኔ መተርተሩን እመርጣለሁ።

«ያመለጠ ቀለበት በኋላ ይነሳል»

ወዲያው በመርፌ ቁልፍ ያዙት። ያለ እሱ ብዙ ረድፍ ከተሠራ በኋላ ቢነሳ የጎረቤቶቹን ክር ስለሚሻማ ቦታው ይጨመደዳል። መተርተር የሚያዋጣው ያኔ ነው።

«ሲታጠብ ይስተካከላል»

ትንሽ የላላና የጠበቀው፣ በተለይ ሱፍ ከሆነ፣ ይቀራረባል። ያለቦታው የገባ ጉብታ ግን ታጥቦም ጉብታ ነው።

«የተተረተረ ክር አይረባም»

ይረባል፤ እንደ ተጨማደደ መሥራቱ ነው ጥፋቱ። በልቅ ጥቅል አስሮ፣ አጥቦ፣ ሰቅሎ ማድረቅ ያቃናዋል። ከቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ሹራብ ገዝቶ ለመተርተር ያሰበ ግን የጎኑን ስፌት ይመልከት፤ ጨርቁ ተቆርጦ የተሰፋ ከሆነ የሚወጣው ቁርጥራጭ ክር ነው።

«መጠባበቂያ ክር ለጀማሪ ነው»

ጉንጉን የሚሠራ ሁሉ ቢጠቀምበት ይሻለዋል። ዲዛይኑ አንድ ዙር በሞላ ቁጥር ቀጭን የስፌት ክር በመርፌው ላይ ባሉት ቀለበቶች ሁሉ ውስጥ ይለፍ፤ ቢተረተርም እዚያ ይቆማል። ክሩ ከሹራቡ የተለየ ቀለም ይኑረው፣ ግን ቀለም የሚለቅ አይሁን፤ ሥራው ሳይታጠብም ይውጣ።